ጀሶ ያልታሰረለት ወገብ

ሰው በሀብት ይቀናል፤ በመልክ ይቀናል፤ በሰው ባል የሚቀናም አለ። እኔ የቀናሁት በተሰበረ እግር ነው። አሁን ሲወራ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ቅናቱ እህል ከአፌ ያስጥለኝ ነበር።

እግሩ የጎረቤቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር እንኖራለን። ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ስትስቅ ታች ድረስ የምትሰማ፣ ከአሮጊት እናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። እኔ ከብሎካችን ሥር ካሉት ሱቆች በአንዷ ልብስ እሰፋለሁ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ የጅቡቲን መንገድ ያውቀዋል። ልጃችንም ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ የእኔና የወገቤ ሆኗል።

ወገቤን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋል። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ ታፋዬ ይወርድና ባቴ ላይ ይተኛል። ቁጭ ብዬ ስሰፋ ይጠዘጥዘኛል፣ ስነሳ ይወጋኛል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሜትሮሎጂ በፊት ያውቃል። ኤምአርአይ ተነስቻለሁ። «ዲስክሽ ትንሽ ተንሸራቷል፣ ለቀዶ ጥገና ግን አያበቃም» ብለውኛል። ጠበል ገብቻለሁ፣ ወጌሻ አሽቶኛል፣ አንዷ ደንበኛዬ ያመጣችልኝን ምን እንደሆነ የማላውቀውን ቅባት ተቀብቼ ሳምንት ሙሉ ሸትቻለሁ። ሕመሙ ሁሉንም አይቶ ተመልሶ ቦታው ገባ።

መቼም እውነቱን መናገር ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን እኔም ተጠይቄያለሁ። ብሎኩ በሙሉ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዞ መጥቶ «እግዜር ይማርሽ» ብሎኛል። «እግዜር ላይችል አይሰጥም» ያለኝም አለ፤ ለዚያኛው ሰው ሻይ ያፈላሁለት ቆሜ ነው። ግን እኛ ዘንድ ጥየቃ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የታመመ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ከዳነ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይባላል፣ ከሞተ ድንኳን ይተከላል። እኔ አልዳንኩም፣ አልሞትኩም። ሰዉ ምን እንደሚለኝ ግራ ገባው። «ተሻለሽ ወይ?» የሚለው ቀስ በቀስ «አሁንም ነው እንዴ?» ሆነ። «አሁንም ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አይፈልገውም። እኔም ነገሩ ሲገባኝ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ማለት ጀመርኩ፣ ሰዉም ደስ ብሎት ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ጎረቤቴ የወደቀችው ክረምት ላይ ነው። ዝናብ የገባበት ደረጃ አንሸራቷት ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ፎቅ ወረደች። አጥንቱ ሲሰበር አልሰማሁም፤ ጩኸቷን ግን ጀሞ በሙሉ ሰምቶታል። ያን ዕለት ማታውን እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሮ ተመለሰች። የብሎካችን ወንዶች ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራት ሆነው፣ «ቀስ፣ ቀስ!» እየተባባሉ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክመው አወጧት። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። በዚያ ደረጃ ላይ ስንት ዓመት አንዱን እግሬን እየለመንኩ፣ ሌላውን እየተቆጣሁ ወጥቻለሁ፤ ወንበር ያመጣልኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ጎርፉ ጀመረ። ወደ ደረጃው የሚሄድ ሰው ሁሉ በሱቄ በር ነው የሚያልፈው። ብርቱካን አለፈ። ሙዝ አለፈ። አምቦ ውሃ በካርቶን አለፈ። አጥሚት በፔርሙስ፣ ዶሮ በሰሐን ተሸፍኖ አለፈ፤ ሽታው ግን ወደ እኔ ገባ። ከመካኒሳ፣ ከፉሪ፣ የት እንደሆነ ከማላውቀው ሰፈር ሰው መጣ። መንገዱ የጠፋባቸው ጭራሽ እኔን ይጠይቁኛል። «እህቴ፣ እግሯን የተሰበረችው ሴት ስንተኛ ፎቅ ናት?» ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ በጣቴ ወደ ላይ እጠቁማለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሲያልፉ፣ ወገቤን ደገፍ አድርጌ መነሳቴን ያየ የለም።

ማታ ማታ የቤተ ክርስቲያኗ እህቶች እየመጡ ይዘምሩላታል፣ ይጸልዩላታል። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእነሱ ጸሎት ሲያይል ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ሬዲዮውን ዘጋሁ። ወገቤን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ያን ያህል ሰው ለአንድ እግር ሲጮህ ምናልባት ትንሽ ወዲህ ያልፍ ይሆናል ብዬ ነው።

ጀሶውን በቅርብ ያየሁት እኔም ብርቱካኔን ይዤ ልጠይቃት የገባሁ ቀን ነው። ነጭ፣ ጠንካራ፣ ከበር የሚታይ ነገር ነው። የጎረቤት ልጆች በስክሪብቶ አበባና ልብ ሥለውበታል። ሌላ ሴት የሰው ወርቅ እንደምታይ እኔ ያን ጀሶ አየሁት። ማንም ገብቶ ጀሶውን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል፣ «ውይ!» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእኔን ሕመም እኔ ራሴ በመስታወት አይቼው አላውቅም።

ቀሚሶቿ ጀሶውን አላስገባ ሲሉ ሰፊ ቀሚስ ሰፋሁላት፣ ሒሳብም አልተቀበልኩም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ብሎኩ ስለ እሷ ያደረገውን ሁሉ እየዘረዘረ ስለነበር የእኔ ድርሻ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ። ጀሞ የኖረ ሰው ውሃ ላይኛው ፎቅ እንደማይወጣ ይነግራችኋል። እኛ ጋ ማክሰኞና አርብ ጠዋት ታች ባለው ቧንቧ ይመጣል፤ ሁሉም ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል፣ ሞልቶ ይወጣል። እኔ የራሴን የማወጣበት ዘዴ ነበረኝ። ግማሽ ብቻ እሞላለሁ፤ በየፎቁ አስቀምጣለሁ፤ ሰው ሲመጣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» እላለሁ። ማንም ስልክ የምታወራን ሴት «ምነው ቆምሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

የብሎካችንን ሴቶች የሚያስተባብሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ዕድሩ፣ ጽዳቱ፣ የደረጃው ጠብ ሁሉ እሳቸው ጋ ይደርሳል። አንድ ቀን ቧንቧው ዙሪያ ሰበሰቡንና «ይቺ ልጅ ከአሮጊት እናቷ ጋር በውሃ ጥም ልታልቅ ነው፤ ተራ እናውጣ» አሉ። እየዞሩ በጣታቸው መደቡን። እኔ ጋ ሲደርሱ «አንቺ አርብ» አሉኝ።

ማለት የነበረብኝ «እማማ፣ እኔ ለራሴም አቅቶኛል» ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። ግን ሁሉም እያዩኝ ነበር፤ ደግሞ ጀሶ የለኝም። ምን አሳያቸዋለሁ?

«እሺ፣ እማማ» አልኩ።

አርብ ወረድኩ። ከእኔ በፊት ተራ የደረሳት ሴት ሙሉ ጀሪካን በአንድ እጇ እያወዛወዘች ስታወጣ አይቻለሁና ለጎረቤቴ ግማሽ መውሰድ አፈርኩ። ሙሉ ሞላሁ። የእኔን ሕመም የሚያክል የሌላት ሴት ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትጠብቅ፣ እኔ ውሃዋን ተሸክሜ ደረጃ ልቧጥጥ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሦስተኛ ላይ ባቴ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ። አራተኛ ላይ በሯን የገፋሁት በግንባሬ ነው።

እግሯን ትራስ ላይ አስቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

«ውይ የኔ እህት! ተባረኪ! ጌታ ጉልበትሽን ያድስልሽ!»

ጉልበቴን ምን ላድርገው፣ ወገቤን ቢያድስልኝ አይደል አልኳት። በልቤ ነው ያልኩት። ተቀመጪ አለችኝ፤ ከተቀመጥኩ ያለ ሰው እርዳታ እንደማልነሳ ስለማውቅ ሥራ አለብኝ ብዬ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። እሷ ስለ ጀሶው አወራችልኝ፤ ውስጡ ያሳክካታል፣ እንቅልፍ ነስቷታል። ስወጣ የላጠችውን ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ በላሁት። ጣፋጭ መሆኑ ራሱ አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ መነሳት አልቻልኩም። ሱቄ ተዘግቶ ከረመ። ሰዉ ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። በግድግዳው በኩል ግን የጠያቂ ሳቅ ይሰማኛል። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ቅናቱ ከወገቤ ይበልጥ ነበር።

ትንሽ ሻል ሲለኝ መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ የልጄ ታላቅ የምትሆን ሴት ናት። ጀርባዬን እየነካካች «ምን አንስተው ነው?» አለችኝ።

«ውሃ።»

«የሚያነሳልዎት ሰው የለም?»

«ሞልቷል» አልኳት። ኩራት መቼም አይለቅም።

«ታዲያ ለምን አያነሱልዎትም?»

«አያውቁማ።»

እጇን አነሳች። «እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ሕመም አብሮዎት የሚኖር ነው። እንቅስቃሴ አሳይዎታለሁ፣ ማስታገሻውም ያግዛል፤ ብቻዎን ግን አይችሉትም። ሰው ይፈልጉ፤ ይንገሯቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

መክራ ጨረሰች። እኔ ግን አኩርፌ ወጣሁ። ደበቅሽ ትለኛለች እንዴ? እስኪሰለቻቸው ድረስ ነግሬያቸው የለ! ደግሞስ ሰው ከየት ይፈለጋል? ሰው እንደ ዚፕና ቁልፍ መርካቶ አይሸጥም።

የጎረቤቴ ጀሶ የተፈታው ከመስቀል በኋላ ነው። ቤቷ የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ፣ ተዘመረ፣ ለስላሳ ተከፈተ። እማማም በቧንቧው ዳር «እንኳን እግዜር ማራት፤ ተራው እዚህ ላይ ይብቃ» ብለው አወጁ። ደስ አለኝ። ለእሷ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ደስ ያለኝ ግን ጥየቃው ስለቆመላት ነው። በሱቄ በር ብርቱካን ሳያልፍ ሲውል ስፌቴ ራሱ ቀጥ አለ።

አንድ ጠዋት ከሱቄ ሆኜ ወደ ደረጃው አየሁ። ጎረቤቴ ጀሪካን ይዛ እየወጣች ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ አስቀመጠችው። የደረጃውን ብረት ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ከላይ ሰው ሲመጣ ስልኳን አወጣችና ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እሺ፣ እሺ» አለች። ስልኩ ተገልብጦ ነበር።

ያንን ስልክ አውቀዋለሁ። ማወቅ ብቻ? ፈጣሪው እኔ ነኝ። ማዘን ሲገባኝ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ «እንኳን ደህና መጣሽ!» አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። ጥየቃውን ወሰደች፣ ጸሎቱን ወሰደች፣ ወንበሩን ወሰደች፤ አሁን የራሴን ዘዴ፣ የራሴን የማይታይ ሕመም ልትወስድብኝ ነው?

በዚያው ሳምንት ሱቄ ገባችና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሚሰፋ ነገር አልያዘችም።

«አንቺ እንዴት ነው የምትችዪው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

አገጯን ወደ ወገቤ አመለከተች። «እሱን ነዋ።»

መቀሴን አስቀመጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው። ስታቃስቺ እሰማለሁ።»

«ታዲያ እየሰማሽ ውሃሽን አሸከምሽኝ?»

ጎረቤቴ ስትስቅ እንጂ ስታፍር አይቻት አላውቅም ነበር። አንገቷን ደፋች። «ያን አርብ ፊትሽን ሳየው ደነገጥኩ። ሥራ አለብኝ ስትዪኝ ግን ... እውነቱን ልንገርሽ? ሰው ሲመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ቀርተሽ ሌላውም እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ራጅ ላይ አንድም ነገር የለም፤ እግሯ ግን ይቃጠላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያማታል። ለማንም መናገር አልቻለችም። «ጌታን በአደባባይ አመስግኜ፣ ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ ብሎልኝ፣ አሁን ተመልሼ ያመኛል ልበል? እምነት የላትም ይሉኛል።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰው ጠፋብኝ። የማወራው ሰው ጠፋብኝ።»

እንዴት አድርጌ ልጥላት? የቆረጥኩትን ጨርቅ ከግማሽ ትቼ ሱቄን ዘጋሁና መካኒሳ ይዣት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ መንገጫገጩ ለሁለታችንም ስለማይሆን ለጋቢና ተሽቀዳደምን። እሷ ቀድማ የመስኮቱን ጥግ ያዘች፤ ቀናሁ። ስንመለስ እኔ ያዝኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሷ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድመን የታዘዝነውን እንቅስቃሴ እንሠራ ነበር። እናቷ አልጋቸው ላይ ሆነው «እናንተ ልጆች፣ ምን ነካችሁ?» ይሉናል። ሁለት ትልልቅ ሴቶች እግራችንን ወደ ኮርኒሱ ሰቅለን «ኧረ ወገቤን!» «ኧረ እግሬን!» ስንባባል ለሚያየን እብድ ነን። ግን በነዚያ ወራት «ደህና ነኝ» ብያት አላውቅም። ትጠይቀኛለች፣ ሌሊቱ እንዴት እንደነበር እነግራታለሁ፣ እስክጨርስ ትሰማኛለች። እሷም ትነግረኛለች። ማስታገሻ የማይደርስበት አንድ ነገር ነበር፣ እሱ ለቀቀኝ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ግን መዳን ጀመረች። የእግሯ ማቃጠል በየሳምንቱ ቀነሰ። ፊዚዮቴራፒስቷ «ጎበዝ! ሌላ ጊዜ መምጣት ላያስፈልግሽ ይችላል» አለቻት፤ ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «እርስዎም ይበርቱ» አለችኝ። ይበርቱ! ለማያልፍ ተማሪ የሚባል ነገር ነው። አብረን ነው የተጋደምነው፣ አብረን ነው እግራችንን የሰቀልነው፤ እሷ ተነሳች፣ እኔ እዚያው ነኝ። በጀሶዋ ስቀና ቢያንስ በቅጡ አላውቃትም ነበር። አሁን እየወደድኳት መቅናቴ ባሰብኝ።

ጥር ገብቶ የሠርግ ልብስ ሲበዛ ምክንያት አገኘሁ። ጠዋት በሬን ስታንኳኳ «ሥራ በዝቶብኛል» እላለሁ። መካኒሳም ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ፤ ከዚያም ጭራሽ ተውኩት። ወገቤንም ወዲያው ያዘኝ።

አንድ አርብ ጠዋት ወረፋው ላይ ቆሜያለሁ። ደረጃው ላይ እርምጃ ሰማሁ፤ ዳፕ ዳፕ ዳፕ እያለ የሚወርድ፣ ብረቱን የማይዝ እርምጃ። እሷ ናት። ጀሪካን አልያዘችም። ቀጥ ብላ እኔ ጋ መጣች።

«ምነው ሸሸሽኝ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩሽ።»

«ለእኔም ትዋሺኛለሽ?»

እማማ አሉ፤ ሴቶቹ ሁሉ አሉ፤ ሁሉም ይሰማል። ቀስ ብዬ ልናገር አስቤ ነበር። የወጣው ግን በጩኸት ነው።

«ቀንቼብሽ ነው! ስትሰበሪ ቀናሁ፣ ስትጠየቂ ቀናሁ፣ ውሃሽን እየተሸከምኩ ቀናሁ። አሁን ደግሞ ዳንሽብኝ! እኔ አልዳንኩም። ስንት ዓመት ሆነኝ፣ አልዳንኩም፤ እያመመኝ ነው፣ አሁን እዚህ ቆሜ እያመመኝ ነው! ደረጃውን እንደዚያ ስትወርጂው አንጀቴ ነው ያረረው።»

ቧንቧው ሞልቶ ይፈስሳል፣ የሚዘጋው ሰው የለም። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጎረቤቴ ትቆጣለች ወይም ትጸልይልኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ቅኚ» አለችኝ። «እኔም አንቺን ብሆን እቀና ነበር።» ጎንበስ ብላ ጀሪካኔን አየችው። «ይሄ ግን ግማሽ ነው። ሁልጊዜ ግማሽ ነው የምትሞዪው።»

«ሙሉውን አልችልማ።»

«ማን ቻዪ አለሽ?»

ቧንቧው ሥር አስገብታ እስከ አፉ ሞላችው፣ ክዳኑን ጠበቅ አደረገችና በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። ወገቧ እንደዚያ ሲቃና አየሁ። እማማ መንገድ ለቀቁላት። እሷ ፊት ፊት ወጣች፤ እኔ ባዶ እጄን፣ ብረቱን ይዤ፣ በየደረጃው እየቀናሁባት ተከተልኳት።